የማይታይን ነገር ስለመሰየም፦ ስለ ጋላክሲ ንቁ እምብርት በቀረበ የስያሜ ረቂቅ ላይ የተሰጠ ሂስ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የሥነ ፈለክ ስያሜዎች ረቂቅ ለአስተያየት ቀርቦልን ነበር። ረቂቁ በርካታ ክፍሎች ሲኖሩት ለእኛ የደረሰን ስለ ጋላክሲዎች ንቁ እምብርት፣ ከእምብርቱ እየተገፋ ስለሚወጣው ጋዝና እምብርቱን ከዓይናችን ስለሚጋርዱት ደመናዎች የሚናገረው ክፍል ነው። አዘጋጆቹ ብዙ የደከሙበት ሥራ መሆኑ ከገጽ ገጽ ይታያል፤ በአማርኛ በቅጡ ያልተሠራበትን መስክ ደፍረው በመግባታቸውም ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ ረቂቁ ከታረመ በኋላ ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች እንደሚተላለፍ ተገልጾልናል። መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የገባን ስያሜ መልሶ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። ስለሆነም በጥቂት ስያሜዎች ላይ ያለንን ቅሬታ፣ በአንዱ ላይ ደግሞ ያለንን ብርቱ ተቃውሞ እዚህ ማስፈር ግዴታችን ሆኖ አግኝተነዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩን በአጭሩ እንግለጽ። በአብዛኞቹ ታላላቅ ጋላክሲዎች መካከል ክብደቱ ከፀሐይ ክብደት ሚሊዮን፣ አንዳንዴም ቢሊዮን እጥፍ የሚበልጥ ጥቁር ጉድጓድ ይገኛል። ጋዝ ወደዚህ ጉድጓድ እየተሽከረከረ ሲወርድ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል፤ ያበራልም፤ አንዳንድ ጊዜ ብርሃኑ የጋላክሲውን ከዋክብት ሁሉ ብርሃን ይበልጣል። አሜሪካዊው ካርል ሴይፈርት በ1943 እንዲህ ያለ ደማቅ እምብርት ያላቸውን ስድስት ጋላክሲዎች መርምሮ ጽፏል። ማርተን ሽሚት ደግሞ በ1963 ኮከብ ይመስል የነበረው 3ሲ 273 እጅግ ሩቅ መሆኑን አሳይቷል። ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ጋዝ ግን ሁሉም አይዋጥም። ከፊሉ በራሱ በእምብርቱ ኀይል ተገፍቶ ይወጣል፤ ሌላው በእምብርቱ ዙሪያ ሆኖ ብርሃኑን ይጋርዳል። የዚህ ጽሑፍ ርእስ እነዚህ ሁለቱ፣ ወጪውና ጋራጁ ናቸው። ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በዚሁ መስክ የተሰማሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ በእንጦጦ ተራራም ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን በገዛ ቋንቋችን ሊያስረዱን ሲፈልጉ የሚይዙት ቃል ያስፈልጋቸዋል።

በመጀመሪያ ርእሰ ስያሜውን እንመልከት። ረቂቁ «የንቁ ጋላክሲ እምብርት» ይላል። «ንቁ» የሚለው ቃል ተስማሚ ነው፤ ለእሳተ ገሞራ ለምደነዋል፤ በአንጻሩም «ያንቀላፋ» ማለት ያስችላል። «ገቢር» ቢባል ኖሮ የሰዋስው ተማሪ ወዲያው «ተገብሮ»ን በጠበቀ ነበር። «እምብርት»ም ከ«አስኳል» ይሻላል፤ አስኳል ቅርፊት ያለውን እንቁላል ያሳስባል፤ እምብርት ግን መካከልን ከማመልከቱም በላይ ፅንስ የሚመገብበት በር ነውና ጋዝ እየተመገበ ለሚኖር ነገር ያለ ማንም ሐሳብ የተገጣጠመ ስያሜ ሆኗል። ስሕተቱ በዘርፉ አቀማመጥ ላይ ነው። «የንቁ ጋላክሲ እምብርት» ሲባል ንቁ የተባለው ጋላክሲው ነው። በእውነቱ ግን ጋላክሲው አዲስ ኮከብ መውለድ ያቆመ፣ ያረጀና ጸጥ ያለ ሊሆን ይችላል፤ የነቃው እምብርቱ ብቻ ነው። ስለዚህ «የጋላክሲ ንቁ እምብርት» ይባል። ለጋላክሲ «ረጨት» የሚሉ ጸሐፍት እንዳሉ እናውቃለን፤ በዚያ ላይ አሁን አንከራከርም።

ወደ ዋናው ተቃውሞአችን እንለፍ። ረቂቁ እምብርቱን የሚጋርደውን ነገር «አቧራማ ቀለበት» ይለዋል፤ በማብራሪያውም ቅርጹ እንደ ቦምቦሊኖ መካከሉ ክፍት መሆኑን ይገልጻል። የእንግሊዝኛው ስያሜ የላቲኑ «ቶረስ» ነው። ቃሉ በጥንቱ ላቲን እብጠትን፣ ትራስንና መኝታን ያመለክት ነበር፤ ከዚያ በሕንጻ ጥበብ ከዐምድ ግርጌ ለሚዞረው ድቡልቡል ጌጥ ተወሰደ፤ በመጨረሻም ጂኦሜትሪ ቅርጹን ለመሰየም ተዋሰው። በቤታችን ያለውን ብንፈልግ ከእንስራ ሥር የሚደረገው ክብ ማቶት ከዚህ ቅርጽ ሩቅ አይደለም። አዘጋጆቹ ከማቶት ይልቅ ቦምቦሊኖን መምረጣቸው የከተማ ተማሪን አስበው ይሆናል፤ የምንቃወመው ግን የምሳሌውን ምርጫ አይደለም። የምንቃወመው ነገሩ በቅርጹ መሰየሙን ነው፤ ቅርጹን ማንም በሙሉ አላየውምና።

ይህን ለማስረዳት ስያሜው እንዴት እንደመጣ መተረክ ያስፈልጋል፤ የስያሜ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይህንኑ ታሪክ ነው። ሴይፈርት የመረመራቸው ዓይነት እምብርቶች በኅብረ ቀለማቸው በሁለት ይከፈላሉ። የአንደኛው ዓይነት ሰፋፊ መስመሮች አሉት፤ ይህም በሴኮንድ በሺህ በሚቈጠር ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ጋዝ መኖሩን ያመለክታል። ሁለተኛው ዓይነት ጠባብ መስመሮች ብቻ ይታዩበታል። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ወይስ አንድ ነገር በሁለት መልክ? በ1985 ሮበርት አንቶኑቺና ጆሴፍ ሚለር ኤን ጂ ሲ 1068 የተባለውን ጋላክሲ መረመሩ፤ ይህ ከሁለተኛው ዓይነት የሚመደብ ነው። ሞገዱ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ለይተው ሲያዩ፣ የለም የተባለው ሰፊ መስመር ብቅ አለ። ነገሩ በሩ የተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ የፋኖስ ብርሃን በመስኮት ወጥቶ ከወዲያ ማዶ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ እንደማየት ነው፤ ፋኖሱን አላየንም፤ ግድግዳውን አይተን ግን በቤቱ ውስጥ ፋኖስ መኖሩን አወቅን። እንግዲህ እምብርቱ አለ፤ በመካከላችን አንድ ነገር ጋርዶታል።

የታየው ይህ ብቻ ነው፦ አንድ ነገር ከአንድ ወገን ሲጋርድ በሌላ ወገን ብርሃን ያስወጣል። ቀሪው የተገመተ ነው። ከጎን የሚጋርድ፣ ከላይና ከታች የሚከፍት ቀላል ቅርጽ ምን ሊሆን ይችላል ቢባል መልሱ ወፍራም ቀለበት ነው፤ ስለዚህ ቀለበት ተሳለ። የመጀመሪያዎቹ ደራሲዎች ሥዕሉን እንደ መላ ምት ነበር ያቀረቡት። መግ ዩሪና ፓኦሎ ፓዶቫኒ በ1995 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ውስጥ የወጣው ሥዕል ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ሲሄድ ከጊዜ ብዛት መላ ምትነቱ ተረሳ። ሥዕሉ ስም ወለደ፤ ስሙ ደግሞ በተራው ሥዕሉን አጸናው።

ጥርጣሬው ከውስጥ የመጣው ገና ከጅምሩ ነበር። ጁልያን ክሮሊክና ሚቸል ቤጌልማን በ1988 ነገሩ እንደ ጎማ ልሙጥና ወጥ ሊሆን እንደማይችል፣ ይልቁንም የተበጣጠሱ ደመናዎች ስብስብ መሆን እንዳለበት ተከራከሩ፤ ወጥ ሆኖ ወፍሮ እንዲቆም የሚያደርገው ሙቀት አቧራውን ራሱን ያጠፋዋልና። ከ2004 ጀምሮ በቺሊ ፓራናል ተራራ ላይ ያሉት ታላላቅ ቴሌስኮፖች ብርሃናቸውን በማጣመር የእምብርቶችን አቧራ ለይተው ማየት ቻሉ። ያዩት ነገር ያልተጠበቀ ነበር። በ2012 እና በ2013 የሰባስቲያን ሆኒግ ቡድን በመረመራቸው ሁለት ጋላክሲዎች አብዛኛው የሞቀ አቧራ የተዘረጋው በቀለበቱ ሥፍራ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ማለትም ሥዕሉ ክፍት ነው በሚለው በኩል ሆኖ ተገኘ። በ2016 ደግሞ አልማ የተባለው የቺሊ የራዲዮ ቴሌስኮፖች ስብስብ በኤን ጂ ሲ 1068 መካከል ስፋቱ ከ20 እስከ 30 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚሆን የጋዝና የአቧራ ሳሕን አሳየ፤ ይህ ለቀለበቱ ወገን ድጋፍ ሰጠ። በ2020 አንድ ቡድን በዚያው ጋላክሲ ቀለበት መሰል ነገር አየሁ ሲል፣ በ2022 ሌላ ቡድን በዚያው በፓራናል በሌላ መሣሪያ ተመልክቶ ጥቁር ጉድጓዱ በተባለው ቀለበት መካከል ሳይሆን ከጥቅጥቅ አቧራ ጀርባ መሰወሩን ጻፈ።

እዚህ ላይ አቋማችንን በትክክል ማስቀመጥ ይገባናል። ቀለበት የለም አላልንም፤ እንደዚያ ለማለት ሙያውም ሥልጣኑም የለንም። የምንለው ክርክሩ ፍርድ ያልተሰጠበት መሆኑን ነው። ፍርድ ባልተሰጠበት ክርክር «አቧራማ ቀለበት» የሚል ስያሜ ወደ አማርኛ ማስገባት ከዳኛ ቀድሞ መፍረድ ነው። ባለሙያዎቹም ይህን የተገነዘቡት ይመስላል፤ ክርስቲና ራሞስ አልሜይዳና ክላውዲዮ ሪቺ በ2017 መስኩን በሙሉ ሲገመግሙ ለጽሑፋቸው ርእስ የመረጡት ቅርጹን ሳይሆን የእምብርቱን መጋረድ ነው።

አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ሊቀርብብን እንደሚችል እናውቃለን፤ በስብሰባ ላይም ቀርቦብናል። ስያሜ እውነት መሆን የለበትም ይባላል። «አቶም» በግሪክኛ «የማይከፈል» ማለት ነው፤ አቶም ግን ተከፍሏል፤ ስሙ አልተቀየረም፤ ማንም አልተጎዳም። ታዲያ «ቀለበት» ቢሳሳትስ ምን ይጎዳል? መልሱ ከሥነ ፍች የሚመጣ ነው። «አቶም» በአማርኛ ድፍን ቃል ነው። ግሪክኛ ከማያውቅ ተማሪ ጆሮ ሲገባ ስለ መከፈልም ሆነ ስላለመከፈል አንዳች አይናገርም፤ ስለዚህ አይዋሽም። «ቀለበት» ግን ግልጽ ቃል ነው። የሰማው ሁሉ ወዲያው ቅርጽ ያያል፤ መምህሩ ሳያብራራ ቃሉ ያብራራል፤ የሚያብራራውም ያልተረጋገጠ ነገር ነው። እንግዲህ በስያሜ ሥራ የተለመደውን ቅደም ተከተል፣ ይኸውም መጀመሪያ አማርኛ፣ ቀጥሎ ግዕዝና ሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም የውጭ ቃል የሚለውን ስንከተል አንድ ነገር መጨመር አለብን፤ መላ ምቱ ባልጸና ጊዜ ድፍን የሆነው የውጭ ቃል ግልጽ ከሆነው የአማርኛ ቃል የበለጠ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ይህን መጻፍ ለእኛ ቀላል አይደለም። እኛ ራሳችን ከብዙ ዓመታት በፊት ለተማሪ የሚቀለው በዓይን የሚታይ ቅርጽ ነውና በስያሜ ቅርጽ ይቅደም ብለን አጥብቀን ከተከራከሩት ወገን ነበርን። ያኔ የምንሰይመው ብሎንና ጥርስ ያለው ማሽን ነበር፤ ማሽን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ስለዚህ ቅርጹን ለመናገር ሲፈለግ «ቶረስ» ይባል፤ ነገሩን ለመሰየም ግን ሥራው ይበቃል፤ ሥራው መጋረድ ነው። የአማርኛ ሥር ግ-ር-ድ ደግሞ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀናል። «ግርዶሽ» ፀሐይና ጨረቃ ሲጋረዱ ሕዝቡ ከጥንት የሚጠራበት ቃል ነው። ሊቃውንት ሳያስቡት ይህ ቃል በእምብርቶችም ላይ በቀጥታ ይሠራል፦ በ2006 ቻንድራ የተባለው የራጅ ቴሌስኮፕ ኤን ጂ ሲ 1365 የተባለውን ጋላክሲ ሲከታተል አንድ ደመና በእምብርቱ ፊት አልፎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጋርዶ ገለጠው። ይህ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ግርዶሽ ነው። ስለዚህ የሚያልፈውን ድርጊት «ግርዶሽ»፣ ሁኔታውን «መጋረድ»፣ ነገሩን «ጋራጅ» እንላለን።

ለ«ጋራጅ» የሚነሣውን ተቃውሞ አስቀድመን እንገምታለን፤ ረቂቁን ካነበቡት ባልደረቦቻችን አንዱ ወዲያው ሳቁን ለቆታል። ከ«ፈረደ» «ፈራጅ» እንደሚወጣ ከ«ጋረደ»ም «ጋራጅ» ይወጣል፤ መኪና የሚጠገንበትም ሥፍራ በብዙ ታርጋና ማስታወቂያ ላይ በዚሁ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ከ«ከለለ» ብንሄድ የባሰ ነው፤ አድራጊው «ከላይ» ይሆንና ከ«ከታች» ተቃራኒ ጋር ይጋጫል። «ሰዋሪ» ሐሳብና ተንኰል ያለበት ይመስላል፤ ስውር ነገር ሆን ተብሎ የተሰወረ ነውና። «መጋረጃ» ደግሞ በመስኮት ላይ የተሰቀለ ጨርቅን ከማሳሰቡም ሌላ፣ አንድ ወጥ ገጽ ያለው ነገር ስለሚያስመስል ወደ ሸሸነው ቅርጽ ይመልሰናል። «ሸፋኝ» እንከን የለውም፤ ነገር ግን ሽፋን በሁሉ ወገን ሊሆን ይችላል፤ መጋረድ ግን ሁልጊዜ በተመልካችና በታዪው መካከል ነው። የሚጋርድ ከሚያይ ሰው አንጻር ነው የሚጋርደው። ይህ የአማርኛ ግሥ ጠባይ ለጉዳዩ እንደ ተሠራለት ሁሉ ይገጥማል። የመኪናውን ቤት «ጋራዥ» ብለን በ«ዥ» ብንጽፍ፣ ከዚያም በላይ «ጋራጅ ጋዝ»፣ «ጋራጅ ደመና» ብለን ብናጣምር ግጭቱ ይጠፋል።

ግሡ ተመልካች ብቻ ሳይሆን የሚጋረደውንም እንድንጠይቅ ያስገድደናል፤ ረቂቁ ያልጠየቀው ይህንን ነው። ምንን ይጋርዳል? ለዓይን የሚታየውን ብርሃን በብዛት የሚጋርደው አቧራ ነው። ራጅን ግን አቧራ የሌለበት ጋዝም ይጋርደዋል። አቧራ ደግሞ ከ1500 ኬልቪን ገደማ በላይ ሲሞቅ ይተናል፤ ስለዚህ ለእምብርቱ በጣም የቀረበ ጋዝ አቧራ ሊኖረው አይችልም። «አቧራማ» የሚለውን ቅጽል ረቂቁ በሁሉም ጋራጆች ላይ ለጥፎታል። እንዲህ ከሆነ በራጅ ብቻ የተጋረደ እምብርት የት ሊገባ ነው? በተጨማሪ ራሱ ኤን ጂ ሲ 1068፣ ከብርሃንም ከአብዛኛው ራጅም የተጋረደው፣ በአንታርክቲካ በረዶ ውስጥ ለተቀበረው አይስኪዩብ ለተባለው መሣሪያ አልተጋረደም፤ በ2022 ከዚያ ጋላክሲ የመጡ ኒውትሪኖዎች መታየታቸው ተገልጿል። የተጋረደ ማለት ከአንድ ዓይነት ጨረር አንጻር የተጋረደ ማለት እንጂ ፍጹም የተደበቀ ማለት አይደለም። («ራጅ» ያልነው ሆን ብለን ነው። ረቂቁ «ኤክስ ጨረር» ይላል፤ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ከጣልያንኛ የወረስነውን ቃል የሥነ ፈለክ ሰው የሚንቅበት ምክንያት አይታየንም።)

«ወፍራም» የሚለው ቅጽል ደግሞ ለብቻው ቃል የሚገባው ነው። ባለሙያዎች ራጅን ከሞላ ጎደል የሚያስቀሩ ጋራጆችን በእንግሊዝኛ «ወፍራም» ይሏቸዋል፤ ረቂቁም ቃል በቃል ተርጕሞታል። መለኪያው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ዐምድ ውስጥ ያለው የአቶም ብዛት ሲሆን ወሰኑ አንድ ተኩል ሺህ ቢሊዮን ሺህ ቢሊዮን የሃይድሮጅን አቶም ነው። ቍጥሩ ያስፈራል። ክብደቱ ሲሰላ ግን ሁለት ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ከራሳችን በላይ እስከ ጠፈር ያለው አየር በዚያችው ስፋት ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። «ወፍራም» የተባለው ደመና እንግዲህ በክብደቱ ሁለት ጣት ከማይሞላ ውኃ የማይበልጥ ነገር ነው፤ ያውም በሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች ኪሎ ሜትር ላይ ተዘርግቶ፣ ከምንተነፍሰው አየር እጅግ በብዙ የሳሳ ሆኖ። አማርኛ የመጠንን ውፍረት «ወፍራም»፣ የይዘትን መጠጋጋት «ጥቅጥቅ» ብሎ ይለያል፤ እዚህ ግን ሁለቱም አይደሉም፤ የሚፈለገው የአለማሳለፍ ቃል ነው። ያ ቃል አለን፤ «ድቅድቅ» ነው። ድቅድቅ ጨለማ ወፍራም ስለሆነ ሳይሆን ዓይን ስለማያሳልፍ ነው ድቅድቅ የተባለው። በአንጻሩ «ስስ» ይቆማል፤ ስስ ነጠላ ብርሃን ታሳልፋለችና።

ወደሚወጣው ጋዝ ስንመጣ ተቃውሞአችን ይቀንሳል። ረቂቁ «ወጪ ፍሰት» ይላል። «ወጪ» የሒሳብ ቃል ነው ብለው የሚነቅፉ ይኖራሉ፤ እኛ ግን እንወደዋለን። «ገቢ ጋዝ» እና «ወጪ ጋዝ» ቢባል ባለሙያዎቹ በእርግጥ የሚሠሩትን ሒሳብ በአንድ ጥንድ ቃል ያስቀምጣል፤ ከወረደው ስንቱ ተዋጠ፣ ስንቱ ተመልሶ ወጣ የሚለው ጥያቄ የዚህ መስክ የዘወትር ጥያቄ ነው። የማይመቸን «ፍሰት» ነው። በአማርኛ የሚፈስ ነገር ወደ ታች ይፈሳል፤ የፈሰሰም አይታፈስም። ይህ ጋዝ ግን ወደ ላይ ነው የሚገፋው፤ ከፊሉም ተመልሶ ይወድቃል። ባልደረባችን «ግንፋሎት» እንዲባል ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ድስት በገዛ እሳቱ እንደሚገነፍል እምብርቱም በገዛ ብርሃኑ ጋዙን ይገፋዋልና። ምሳሌው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ግፊቱ በሁሉም ዘንድ ከብርሃን ብቻ ነው ለማለት ስለማይቻል፣ በ«ቀለበት» ላይ የነቀፍነውን በዚህ ላይ መልሰን መፈጸም አልወደድንም። «ወጪ ጋዝ» ይበቃል።

ስለ «ነፋስ» የምንለው ጥቂት ነው። ለፀሐይ ነፋስ የለመድነው ቃል በመሆኑና ጋዝ መንቀሳቀሱን ብቻ የሚናገር በመሆኑ ይቀመጥ። ማብራሪያው ግን «ያልተቋረጠና ወጥ» የሚለውን ይሰርዝ። ክሪዝም የተባለው የጃፓን መሣሪያ በ2023 ከመጠቀ በኋላ ፒ ዲ ኤስ 456 የተባለውን ኩዌዘር ተመልክቶ፣ በ2025 በታተመው ውጤት ነፋሱ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ጉብታዎች ሆኖ እያንዳንዱ ከብርሃን ፍጥነት ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚደርስ ፍጥነት ሲወጣ ታይቷል። ይህ ከነፋስ ይልቅ ወደ ውርጅብኝ የቀረበ ነው። በሴኮንድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወጡትን ባለሙያዎች ለብቻ ሰይመዋቸዋል፤ የእንግሊዝኛው አሕጽሮተ ቃል ከበራሪ ሳሕኖች መጠሪያ ጋር አንድ ሆኗል፤ በቀልድ ይሁን በአጋጣሚ ለእኛ አይገድም፤ ተርጓሚ ግን አሕጽሮቱን እንዳለ በፊደላችን ከገለበጠው አንባቢውን ወደማይሆን ሥፍራ ይወስደዋል። «እጅግ ፈጣን ወጪ ጋዝ» ይባል።

«ለብ ያለ መጣጭ» የሚለው ግን ከረቂቁ ውስጥ በእጅጉ ያስገረመን ነው። መነሻው የባለሙያዎች የቤት ውስጥ አነጋገር ነው፤ ጋዙ ከዚያ ከሚበልጥ ግለት ካለው ጋር ሲነጻጸር «ሞቅ ያለ» አሉት። ሙቀቱ ከአሥር ሺህ እስከ ሚሊዮን ኬልቪን ይደርሳል። በአማርኛ ለብ ያለ ነገር ሕፃን የሚታጠብበት ውኃ ነው። እዚህ መተርጐም ያለበት ቃሉ ሳይሆን የሚያመለክተው ነው፤ ጋዙ አቶሞቹ ከኤሌክትሮኖቻቸው ከፊሉን ያጡ፣ ከፊሉን የያዙ መሆናቸው ነው ልዩ የሚያደርገው። «ከፊል አዮናዊ መጣጭ ጋዝ» ቢባል ረዘም ቢልም አይዋሽም።

ለ«ጄት» የተሻለ አላገኘንም። በአማርኛ ጄት አይሮፕላን ነው፤ ተማሪው ኤም 87 ከተባለው ጋላክሲ «ጄት ይወጣል» ሲባል ምን እንደሚያስብ ለመገመት አያዳግትም። ሂበር ከርቲስ በ1918 በዚያ ጋላክሲ ያየውን ሲመዘግብ ቀጥ ያለ ጨረር መሰል ነገር መሆኑን ነበር የጻፈው፤ ስያሜው የመጣው በኋላ ነው። «ፍንጥቅ» ተበታትኖ የሚረጭን ነገር ያሳያል፤ ይህ ደግሞ ሺህ በሺህ የብርሃን ዓመታት ሳይበተን በቀጭኑ የሚሄድ ነው። አንባቢያን የተሻለ ካላቸው እንዲልኩልን እንጠይቃለን።

የረቂቁ ትልቁ ችግር ግን በአንድ ቃል ላይ ሳይሆን በአከፋፈሉ ላይ ነው። «ጋራጅ» ያለውን በእምብርቱ ዙሪያ «ቆሞ የሚገኝ»፣ «ወጪ» ያለውን ደግሞ «እየራቀ የሚሄድ» ብሎ ከፍሏቸዋል። አንዱ ሌላው ሊሆን አይችልም ማለት ነው። በ2013 ኤን ጂ ሲ 5548 ላይ የሆነው ይህን አከፋፈል ያፈርሰዋል። ይህ ጋላክሲ ከአንደኛው ዓይነት፣ ማለትም ካልተጋረዱት ወገን እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ የኖረ ነው። የሆላንዱ ዬሌ ካስትራና ባልደረቦቹ ኤክስ ኤም ኤም ኒውተን በተባለው የራጅ ቴሌስኮፕና በሌሎችም ሲከታተሉት ከለስላሳው ራጅ እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ቀርቶ አገኙት፤ ውጤቱንም በ2014 አሳተሙ። የጋረደው ምን ነበር? ከእምብርቱ ጥቂት የብርሃን ቀናት ርቀት ላይ ያለ፣ ቀድሞ በዚያ ጋላክሲ ይታወቅ ከነበረው ወጪ ጋዝ እስከ አምስት እጥፍ በሚፈጥን ፍጥነት እየወጣ ያለ ጋዝ ነበር። ጋራጁ ራሱ ወጪ ነበር። አቧራም አልነበረውም፤ ቀለበትም አልነበረም፤ ቆሞም አልነበረም፤ ግን ጋረደ፤ ለዓመታትም ጋርዶ ቆየ። በረቂቁ መሠረት ይህ ነገር ስም የለውም። «አቧራማ ቀለበት» የሚለውን ያጠና ተማሪ ይህን ዜና ቢያነብ ወይ ዜናውን ውሸት ይላል፣ ወይ መጽሐፉን።

ስለሆነም ሁለቱ ፍቺዎች በሚከተለው እንዲተኩ እናመለክታለን።

ጋራጅ ጋዝ፦ በጋላክሲ ንቁ እምብርትና በተመልካች መካከል ሆኖ ከእምብርቱ የሚመጣን ጨረር በሙሉ ወይም በከፊል የሚያስቀር ጋዝ። አቧራ ሊኖረው ወይም ላይኖረው፣ በሥፍራው ሊቆይ ወይም እየወጣ ሊሆን ይችላል። የሚጋርደው የጨረር ዓይነት አብሮ ይጠቀሳል። ቶረስን፣ ወጪ ጋዝን፣ ግርዶሽን ተመልከት።

ቶረስ፦ የጋራጅ ጋዝንና አቧራን አቀማመጥ ለማስረዳት የታሰበ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ ድቡልቡል ክብ ቅርጽ። የነገሩ ስም ሆኖ አይሠራበትም።

«ሊሆን ይችላል» የሚለው ሐረግ በመዝገበ ቃላት ፍቺ ውስጥ ሲደጋገም አዘጋጆችን እንደማያስደስት እናውቃለን፤ ለማሳጠር ሲባል ሊሰረዝ ከሚችለው መካከልም የመጀመሪያው እርሱ እንደሚሆን እንጠረጥራለን። ቦታ ካነሰ ምሳሌው ይሰረዝ፤ ቦምቦሊኖውም ይሰረዝ፤ ይህ ሐረግ ግን ይቆይልን።